የሰማይዋ አሳማ

የእናቴን ልብ አውጥተው የአሳማ ልብ ሊያስገቡላት መሆኑን የሰማሁት ጥርሴን እየቦረሽኩ፣ የወጥ ቤቱ በር አጠገብ ቆሜ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር።

«በስመ አብ! የአሳማ?» አለች አልታየሽ። አልታየሽ የእናቴ ጓደኛ ናት፤ ከዊልስደን በአውቶቡስ እየመጣች የቤቱን ሥራ ታግዘን ነበር። የያዘችውን ድስት ስታስቀምጠው ጓ አለ።

«ቀስ በይ፤ ልጅቷ ትሰማለች» አለ አባቴ።

«ትስማ! ሱቅ ውስጥ እንኳ የአሳማ ሥጋ ባለበት በኩል አናልፍም፤ ጭራሽ ልብ ውስጥ?»

«ወይ ብረት፣ ወይ የአሳማ፣ ምረጪ ነው ያሏት። ሁለቱንም እምቢ አለች።»

«ብረቱ ምን አደረጋት?»

«ብረቱ ከገባ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዕድሜ ልኳን ትውጣለች። እሱን እየዋጡ ማርገዝ አደጋ አለው ብለዋታል። እሷ ደግሞ ሔርሜላን ያለ ወንድም ያለ እህት አላስቀራትም ትላለች።»

«አሳማውንስ?»

«የነፍስ አባቴ ካልፈቀዱልኝ አላደርገውም አለች።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«እስካሁን መልስ አልሰጡኝም ትላለች» አለ አባቴ። ድምፁ የደከመ ነበር። «እኔ እንጃ፣ አልታየሽ። ሐኪሙ የዘንድሮን ብርድ አታልፍም ነው የሚለኝ።»

በአፌ የሞላውን አረፋ ዋጥኩት።

ልብ የሚያወጣ ሰው እንዳልነበረ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። እናቴ ልጅ ሆና፣ ደብረ ብርሃን፣ የጉሮሮ ሕመም ያመላልሳት ነበር። ያ ሕመም ከልቧ በሮች አንዱን ሲያጠብበው ኖሮ፣ ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ደሙ የሚያልፍበት ቀዳዳ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ሆነ። ከአሳማው የሚወሰደውም ከጠርሙስ ቆርኪ ብዙም የማይበልጥ፣ እንደ ብራና የሳሳ ነገር ነው። ያኔ ግን ይህን የነገረኝ አልነበረም። እኔ የታየኝ ጸጉራም፣ የሚያንኮራፋ፣ እናቴ ደረት ውስጥ የሚገላበጥ ነገር ነው።

የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ ዋይት ሲቲ የሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት የሚቆምበት ጊዜ በሚበዛ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እናቴ ደረጃ ስትወጣ በየፎቁ ትቆምና ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፍ ትፈልጋለች። ዘንግታ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቁልፉን ቀድሜ ያዝኩላትና «እኔ ጋ ነው፣ እማዬ» ብዬ አሳየኋት። እሷ ግን እጇን ከቦርሳው አላወጣችም። «እሱን አይደለም የምፈልገው» አለችና ጎረቤት እስኪያልፍ ድረስ መፈለጓን ቀጠለች። አልጋዋ ላይም ትራስ ደራርባ ቁጭ እንዳለች ነው የምታንቀላፋው። ቤቱን የምትጠብቅ መስሎኝ፣ እኔ በሰላም እተኛ ነበር።

በዚያ ተርም ክፍላችን ስለ ጥንት ግብፅ ይማር ነበርና ሙዚየም ወሰዱን። ባቡር ውስጥ የተጣመርኩት ከዐብዱ ጋር ነው። ዐብዱ የሶማሌ ልጅ ነው፤ የትምህርት ቤት ምሳ ላይ እንደኔው ቋሊማውን ወደ ጠርዝ የሚገፋ እሱ ብቻ ስለነበር አምነው ነበር። ምስጢሬን ነገርኩት።

«አሳማ? ውስጧ?» ዓይኑ ፈጠጠ። «ፊቷ ይለወጣል።»

«ማን አለህ?»

«የአጎቴ ልጅ። ከአፍንጫ ነው የሚጀምረው።»

«ውሸታም።»

«ወላሂ! ከዚያ ጆሮ።»

ሙዚየሙ አዳራሽ ውስጥ መጀመሪያ ያየኋት ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበች ሴት ነበረች። ከአንገቷ በታች ሴት ናት፤ ቀጭን፣ ጡት ያላት። ከአንገቷ በላይ አንበሳ። መዳፎቿን ጭኖቿ ላይ ዘርግታ፣ ጀርባዋን አቅንታ ተቀምጣለች፤ ልክ እናቴ ደረጃውን ጨርሳ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ እንደምትሆነው። ከአጠገቧ ሌላ ተመሳሳይ ነበረች፣ ከዚያም ሌላ።

«አየሽ?» አለኝ ዐብዱ በጆሮዬ። «እነዚህ አንበሳ የገባባቸው ናቸው።»

አንገቷን እያየሁ ቀረሁ። አስጎብኚያችን መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አሮጊት ነበረች፤ «ሳትበታተኑ፣ ወዲህ» ስትል ዐብዱ ጎትቶ ወሰደኝ። የጭልፊት ራስ ያለው ሰው አለፍን። ምንቃሩ እንደ ማጭድ የቆለመመ የወፍ ራስ ያለው ሰው አለፍን። የእያንዳንዱን አንገት አየሁ፤ ሰውየው የሚያልቅበትንና አውሬው የሚጀምርበትን ቦታ ፈለግሁ። ስፌት የለውም። እንዲያው በዝምታ ነው የሚለወጠው።

ከዚያ አንዱ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ የማውቀውን አየሁ።

ቀጥ ብሎ የቆመ፣ የሰው እጅና የሰው እግር ያለው፣ ራሱ ግን የውሻ። ጆሮዎቹ የቆሙ፣ አፉ ሹል። ይህንን በየእሑዱ አየው ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከእንግሊዞች የተከራየነው ሕንፃ ነበር፤ እኛ ልጆች የምንማርበት ምድር ቤት ግድግዳ ላይ የቅዱስ መርቆሬዎስ ሥዕል ተሰቅሏል። ቅዱሱ በጥቁር ፈረስ ላይ ነው፤ ከኋላው ሁለት የውሻ ፊት ያላቸው ሰዎች ይከተሉታል። ዲያቆኑ እንደነገሩን፣ ገጻተ ከለባት ይባላሉ፤ የቅዱሱን አያት የበሉ፣ በኋላ ግን በእግዚአብሔር ኃይል የበግ ጠባይ ተሰጥቷቸው ያገለገሉ ናቸው።

የአገሬን ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። በእኛ ወግ ማንም የሚያደርገውን አደረግሁ፦ ሦስት ጊዜ አማተብኩ፣ ግንባሬን መስተዋቱ ላይ አስነካሁ፣ ሳምኩት።

«ሔርሜላ! አይነካም!» አለች መምህሬ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መስተዋቱ ላይ የከንፈሬ እንፋሎት ቀረ።

አስጎብኚዋ አልሳቀችም። «ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

«የቅዱስ መርቆሬዎስ ነው።»

ስሙን ሰምታው አታውቅም መሰለኝ፤ ራሷን ግን በአክብሮት ነቀነቀች። ወደ አንድ ረጅም ሥዕል ወሰደችን። እዚያም የውሻ ራስ ያለው አለ፤ ነጭ የለበሰ ሰውዬ እጁን ይዞ ይመራል። አባቴ መንገድ ሲያሻግረኝ እንደሚይዘኝ ነው የያዘው። ወደ ሚዛን ነው የሚወስደው። በአንዱ ሰሐን ላይ የሰውየው ልብ ተቀምጧል፣ በሌላው ላይ ላባ። ከሚዛኑ ኋላ አንዲት ፍጡር ቁጢጥ ብላለች፦ የአዞ አፍ፣ የአንበሳ ደረት፣ የጉማሬ ዳሌ።

«ልቡ ከላባዋ ከከበደ፣ ይቺ ትውጠዋለች» አለች አስጎብኚዋ።

እጄን አወጣሁ። «የአሳማ ልብ ቢሆንስ?»

እንደገና ሳቁ። ዐብዱ ብቻ አልሳቀም፤ ጫማውን ያይ ነበር። አሮጊቷ መነጽሯን አደረገችና ጎንበስ ብላ አየችኝ።

«አሳማ ለምን ጠየቅሽ?»

«እናቴ ውስጥ ሊያስገቡባት ነው።»

ሌሎቹን ልጆች መምህሬ ወደ ሬሳ ሣጥኖቹ ስትነዳቸው እሷ እኔን ወደ አንድ ትንሽ ሣጥን ወሰደችኝ። ከጣት የማትበልጥ፣ እንደ ባሕር ውኃ ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነች እንስት አሳማ ነበረች። ከሆድዋ ሥር ግልገሎች ተደርድረው ይጠባሉ።

«የጥንት ግብፆች ሰማይን እናት ናት ይሉ ነበር» አለችኝ። «አንዳንዴ ደግሞ እንደዚህች ያለች አሳማ። ከዋክብቱ ልጆቿ ናቸው። ሊነጋ ሲል ትውጣቸዋለች፤ ሲመሽ መልሳ ትወልዳቸዋለች። ልጅ የሚፈልጉ ሴቶች ይቺን አንገታቸው ላይ ያስሩ ነበር።»

«ፊታቸው ተለወጠ?»

«አልተለወጠም» አለች። «ደህና ነበሩ።»

ስለዚህ ነገር በኋላ አንብቤያለሁ። ያለችኝ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያላለችኝም አለ። እነዚያው ግብፆች በሌላ ተረታቸው አሳማን ይጠየፋሉ፤ የአምላካቸውን ዓይን ያቆሰለው ጥቁር አሳማ ነበር ይላሉ። ሴትዮዋ ይህን ሳታውቅ አትቀርም። ከምታውቀው ሁሉ መርጣ፣ ለአንዲት የፈራች ልጅ የሚያስፈልጋትን ነው የሰጠችኝ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አሳማውን አልፈራሁም። የፈራሁት የእናቴን የነፍስ አባት፣ ቄስ ዘርይሁንን ነው። እሳቸው «እሺ» ካላሉ እናቴ ትሞታለች፤ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው ሁሉ ወደዚህ ይወስድ ነበር። አባቴ ስልክ ላይ፦ «ሁለተኛ ቀጠሮ ካንስል አደረገች። የቄሱን ቃል እየጠበቀች ነው።» አልታየሽ፦ «ኧረ ለመድኃኒት ምን የማይሆን አለ? ምን ልባቸው ደነደነ እኚህ ሰው!» መጀመሪያ «በስመ አብ» ያለችው እሷው ነበረች፤ የእናቴ እግር ሲያብጥ ስታይ አሳማውን ከማንም በፊት ይቅር አለችው።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቄስ ዘርይሁን ሳሎናችን ተቀምጠዋል። ከስቶክዌል ድረስ የጠራቸው አባቴ ነበር፤ ለእናቴ ሳይነግራት። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዩኒፎርሙን እንኳ አላወለቀም። እናቴ መስኮቱ ሥር፣ ትራስ ተደግፋ፣ ምንጣፉን ታያለች። የሚሰማው የእሷ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ አጭር አጭር። አልታየሽ ወጥ ቤቱ በር ላይ ፎጣ ይዛ ቆማለች። እኔ ቦርሳዬን ሳላወርድ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

«አባታችን» አለ አባቴ፣ «ያደከምኩዎት ለቁርጥ ነገር ነው። ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ ጊዜ የለም ብለዋል። ሮማንወርቅ የምትጠብቀው የእርስዎን ቃል ነው። ይሆናል ይበሉ ወይም አይሆንም ይበሉ። እኔ ልወቀው።»

ቄሱ እናቴን አዩዋት። እሷ ቀና አላለችም።

«ልጄ ኪዳነወልድ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔና እሷ የተነጋገርነው በንስሐ ነው።»

«ኃጢአቷን አልጠየቅኩዎትም። ስለ አሳማው ነው የጠየቅኩዎት።»

«እሱንም ቢሆን ከእሷው ነው የምትሰማው።»

«እሷ አልመለሱልኝም ትላለች!»

ቄሱ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡት። አፋቸው ሊከፈት ብሎ ተዘጋ።

ያን ዝምታ «አይሆንም» ብዬ ተረጎምኩት። ሌላ ምን ልለው እችላለሁ? እግሬ ራሱ ወሰደኝና ፊታቸው ቆምኩ።

«አባ፣ የቅዱስ መርቆሬዎስን ውሾች አየኋቸው።»

«የት አየሻቸው፣ ልጄ?»

«ሙዚየም። መስተዋት ውስጥ ናቸው። ሰውየውን እጁን ይዘው ይወስዱታል እንጂ አይበሉትም። አሳማም አለች። ሰማይ ናት፤ ልጆቿ ከዋክብት ናቸው።»

«የፈርዖን ጣዖት!» አለች አልታየሽ ከበሩ። «ኧረ እዚያ ትምህርት ቤት ምንድን ነው የሚያስተምሯቸው?»

«ተያት፣ ትናገር» አሉ ቄሱ።

«እማዬ አሳማ ቢገባባት ግድ የለኝም» አልኩ። «አፍንጫዋ ቢለወጥም፣ ጆሮዋ ቢለወጥም እኔ አላፍርባትም። ትምህርት ቤት በር ድረስ ትምጣ። ልጆቹ ቢስቁም እጇን ይዤ ነው የምሄደው። ብቻ እርስዎ ይፍቀዱላት።» ከዚያ ሌላ የምለው ሲጠፋብኝ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ነገር ግን አልተናገሩም።

አባቴ ተነሣ።

«ይህንን ሰምተው ዝም ይላሉ?»

«ኪዳነወልድ» አለች አልታየሽ።

«አልሰማሽም? ሰው ናቸው ወይስ ድንጋይ? ሚስቴ ዓይኔ እያየ ልትሞት ነው፤ አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ነው የለመንኩት! ከዚያ ለፍትሐቱ ነው የሚመጡት? ለቀብሯ ነው ቃል የሚወጣዎት?»

«አፍህን! ካህን ናቸው!»

«ይውጡልኝ» አለ አባቴ። በሩን ሄዶ ከፈተው። ከደረጃው ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ። «ከቤቴ ይውጡልኝ።»

ቄስ ዘርይሁን ምርኩዛቸውን ፈለጉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከሶፋው ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ማንም አልደገፋቸውም። አንዲት ቃል ተናግረው ራሳቸውን ማዳን ይችሉ ነበር። ያቺን ቃል መናገር ግን የሰው ንስሐ ማውጣት ነው። እንደ ተሰደበ ሰው ሳይሆን፣ እንደ ደከመው ሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ሄዱ። እኔ ደግሞ በልቤ «ጥሩ! ይውጡ!» እል ነበር።

«ተዋቸው» አለች እናቴ።

ሁላችንም ዞርን።

«ተዋቸው። ፈቅደውልኛል።»

አባቴ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«ፈቅደውልኛል። በፍልሰታ። ገና ስነግራቸው ነው የፈቀዱልኝ። ለመብል አይደለም፣ ለመዳን ነው፤ ሂጂ አሉኝ።»

ነሐሴ አልፎ፣ መስከረም አልፎ፣ ጥቅምት አልቆ ኅዳር ገብቷል። አባቴ ይህን ሲያስብ ፊቱ ላይ አየሁት። ቀስ ብሎ ጠቆረ።

«ታዲያ እስካሁን…»

«ቢላውን ፈራሁ» አለች። አየር ለመሳብ ቆመች። «ደረቴን እንደሚሰነጥቁት ሲነግሩኝ ፈራሁ። ልብሽን ለጊዜው እናቆመዋለን አሉ። ያቆሙት ልብ ባይነሣስ? ፈራሁ ብዬ ብነግራችሁ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ ብላችሁ እየጎተታችሁ ትወስዱኛላችሁ። አሳማ ስል ግን ሁሉም ሰው አከበረልኝ። አንተም ሳትቀር።» ከዚያ ወደ እኔ አየች፤ ያን ያህል ጊዜ አይታኝ አታውቅም። «ልጄን ግን ምን ብዬ ነው የማስለምናት?»

ለብዙ ዓመታት ቄሱንም እናቴንም ያሳመነቻቸው የእኔ ሰማያዊ አሳማ እንደሆነች አምኜ ኖርኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተወለደው ወንድሜ ሔኖክ፣ ይህን ስነግረው «ስለዚህ እኔ የተወለድኩት በፈርዖን ጸሎት ነው?» ብሎ ይቀልድብኛል። አሳማዋ ግን ያሳመነችው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አስቀድመው ፈቅደው ነበር። እናቴ ስለ ከዋክብቱ የተናገርኩትን ጨርሶ አልሰማችውም። የሰማችው «እጇን ይዤ ነው የምሄደው» ያልኩትን ብቻ ነው። ቀጥሎም ያየችው፣ የእሷን ውሸት ተሸክመው፣ ተሰድበው ከቤቷ የሚወጡ ሽማግሌ ነው።

አባቴ በሩን ዘጋው። ቄሱ ፊት፣ በዩኒፎርሙ፣ በግንባሩ ተደፋ።

«ይፍቱኝ፣ አባታችን።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ተነሣ።» መስቀሉን አሳለሙት። «አሁን እኔን ተወኝና ስልኩን አንሣ።»

አባቴ እናቴን አየ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«ልደውል?»

«ደውል» አለች። «ግን እንደፈራሁ ንገራቸው።»

ሆስፒታሉ እስኪያገናኘው ስልኩ ላይ ሙዚቃ ነበር። አባቴ ስልኩን ከጆሮው ስላራቀው ሁላችንም ሰማነው፤ ቄሱ ሶፋው ላይ ተመልሰው፣ አልታየሽ ፎጣዋን ጨምቃ፣ ያን የማያልቅ ፒያኖ አዳመጥን። በመጨረሻ አንዲት ሴት መለሰች። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ባለቤቴ አሁን ለኦፕራሲዮኑ ዝግጁ ነች አላት በእንግሊዝኛ።

«እንደሱ አላልኩህም» አለች እናቴ።

አባቴ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነው። «ሮሚ፣ ምን ያደርግላቸዋል?»

«እንዳልኩህ በል።»

እንዳለችው አለ። ሲናገረው የፈራው እሱ ራሱ ይመስል ነበር። ከዚያ የሚመለስለትን አዳመጠ።

«ምን አለች?» አለች አልታየሽ። «ተቆጣች?»

«ስልኩን ስጣትና እኔው ላናግራት አለች።»

እናቴ አባቴ ወይም እኔ ሳንተረጉምላት በእንግሊዝኛ ስልክ አናግራ አታውቅም። በሁለት እጇ ተቀበለችው። አልጎመጎመችም፣ ለእኔም አላቀበለችኝም። ሴትዮዋ የጠየቀቻት ምን እንደሆነ አልሰማንም።

«የስ» አለች እናቴ። ትንፋሽ ሳበች። «የስ። ቬሪ ማች።»

ሴትዮዋ ትንሽ ተናገረች። እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

«ዌን?» ብላ ቀኑን ጠየቀች።